መቶ ቁጥር በሃያ ደቂቃ

ሴትዮዋን የደበደብኳት እኔ ነኝ። ይህን መጀመሪያ ተናግሬ ልገላገል፤ ድንጋይ ካባው ውስጥ የሚሠራ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየውን ነገር ደብቄ የሷን ታሪክ ላውራ ብል ዓይኔን በጨው አጥቤ መጣሁ ማለት ነው። በቀበቶዬ፣ በዘለበቱ በኩል፣ ከመሣሪያ ክፍሉ በር እስከ ገልባጮቹ ሚዛን ድረስ እየነዳሁ ደበደብኳት። ሁለት የጎን አጥንቷ ተሰነጠቀ። እጇን ለመከላከል እንኳ አላነሳችም፤ እሱ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

ምክንያት ነበረኝ። ታናሽ ወንድሜን የገደለው እሷ የጻፈችው ቁጥር ነው።

እኔ ኤክስካቫተር ነጂ ነኝ። የምንሠራበት ቦታ የድንጋይ ካባ ነው፤ ተራራውን በድማሚት እየናድን ጠጠር እናደርገዋለን። እዚያ ለስላሳ ነገር አትፈልጉ። ድንጋዩ ይመታል፣ ማሽኑ ይመታል፣ ካቦው ከአፉ የሚወጣው ሁሉ ስድብ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ሁለት ሰው ይቧቀሳል፤ ልገላግል ብሎ የገባም የድርሻውን ቀምሶ ይወጣል። እኔም ጭምር ለመማታት የምፈጥን ሰው ነኝ፤ ይህንንም አልክድም።

ሴትዮዋን «ሐውልት» ነው የምንላት። ስሟን የሚያውቀው የደሞዝ ክፍሉ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አባቷ እዚያው ካባ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር፤ ገና በአሥራ ሦስት ዓመቷ መዶሻ አስጨበጣት፤ ሲሰክር ደግሞ በዚያው መዶሻ እጀታ ይገርፋታል። እንደዚያም ሆኖ ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች፤ ሒሳብ ላይ ማንም አይደርስባትም ይላሉ አብረዋት የተማሩት። ግራ ዓይኗን የድንጋይ ፍንጣሪ አጠፋው። አንድ የገልባጭ ሹፌር ከኋላዋ መጥቶ ዳሌዋን ጨበጥ ቢያደርግ፣ ዞር አለችና እጁን ድንጋይ ላይ አስተኝታ ጣቶቹን በመዶሻ አደቀቀችለት። ሰውዬው ዛሬም ማርሽ የሚቀይረው በመዳፉ ነው። እንግዲህ ይህቺ ሴት ናት እኔ ስገርፋት እጇን ያላነሳችው።

ሥራዋን ላስረዳ። ድንጋዩ ላይ ሃያ ሠላሳ ጉድጓድ ይበሳል፤ ድማሚት ይሞላል፤ ሳይረን ይጮኻል፤ ሁላችንም እግሬ አውጪኝ እንላለን፤ ከዚያ ምድር ይናጣል። አንዳንድ ጊዜ ታዲያ ከሠላሳው አንዱ ሳይፈነዳ ይቀራል። ሽቦው ይበጠሳል፣ ወይም ውሃ ይገባበታል። እሱን «የተኛው» እንለዋለን። የማሽን ጥርስ ከነካው ይነቃል። የኛ ሰዎች ሞልተው ያፈነዳሉ እንጂ የተኛ አይነኩም፤ እሱን የሚያወጣው አፈንጂ ከሌላ ካባ በውሰት ስለሚመጣ እስኪደርስ ቀናት ያልፋሉ፤ ሥራው ደግሞ አይቆምም። አጠገቡ ቀይ ጨርቅ ይተከልበታል፤ ግን ከጎኑ ያለው ድንጋይ ሲፈነዳ ናዳው ይመጣና ጨርቁንም እንጨቱንም ይቀብረዋል። ስለዚህ ቦታው በቁጥር ይያዛል። አንድ ሰው ጂፒኤስ ይዞ የተኛው አናት ላይ ይቆማል፤ መሣሪያው ከሳተላይት እየተቀበለ፣ ወደ ምሥራቅ ይህን ያህል፣ ወደ ሰሜን ይህን ያህል ይላል፤ ያ ይጻፋል። ናዳው ሲነሳ በዚያ ቁጥር ዙሪያ አምስት ሜትር ክብ በኖራ ይሰመራል። ከክቡ ውጭ በማሽን፣ ከክቡ ውስጥ በእጅ ነው የሚቆፈረው።

ችግሩ፣ አንተ ንቅንቅ ሳትል ቁጥሩ ይንቀሳቀሳል። አንዴ ሁለት ሜትር ወደዚህ፣ አንዴ ሦስት ሜትር ወደዚያ። የድሮው ቁጥር ያዥ አንዴ አይቶ ጽፎ ይሮጥ ነበር፤ እግሩ ሥር ድማሚት ተኝቶ ማን ይፈርድበታል? አንድ ቀን መሣሪያውን ካቦው ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ በዚያው ጠፋ። ካቦው ሰበሰበንና «ማን ይቆማል?» አለ። ወንድ ነን ያልን ሁሉ ጫማችንን እንደ አዲስ ማየት ጀመርን። ከጠጠር ፈላጮቹ መሀል እሷ መዶሻዋን መሬት አስቀምጣ ተነሳች።

አንዴ አይቶ መሮጥ ቀረ። በየአሥራ ሁለት ሰከንዱ አንድ ቁጥር ትጽፋለች፤ መቶ ሲሞላ ደምራ ለመቶ ታካፍላለች። አንዱ ወደ ግራ ቢስት ሌላው ወደ ቀኝ ይስታል፣ ሲደመር ይጠፋፋል፣ ነው ነገሩ። የተኛው ድማሚት ላይ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ወይ ፍንክች። ዝንብ ፊቷ ላይ ሲሄድ እንኳ አታባርርም። «ሐውልት» ያልናት ያኔ ነው፤ ስናሾፍ ነበር፣ ኋላ ግን ስሟ ሆኖ ቀረ።

ወንድሜ ሎደር ይነዳ ነበር። «ፉጨት» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ እያፏጨ ስለሚሠራ። በሰባት ዓመት እበልጠዋለሁ፤ አባታችን ሲሞት ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ሎደር መንዳትም ጭኔ ላይ አስቀምጬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ግድግዳው ሥር አንድ የተኛ ተገኘ። ግድግዳ የምንለው ተራራው ተቆርጦ የቀረውን ቀጥ ያለ ፊት ነው፤ አራት ፎቅ ያህል ይረዝማል። ሐውልት እዚያ ቆመች፤ መቶ ቁጥሯን ጻፈች፤ ወረደች። መቶውም አንድ ሜትር ውስጥ የተጠጋጉ፣ እንደዚያ ያማረ ቁጥር አይታ አታውቅም። ሰኞ ናዳ ወርዶ ጨርቁ ተቀብሮ ነበር። ማክሰኞ በቁጥሯ ክብ ተሰመረ። ፉጨት ከክቡ ውጭ፣ ከኖራው አራት ሜትር ርቆ፣ ፍርስራሹን መግፋት ጀመረ።

የተኛው እዚያ ነበር። ከቁጥሩ ዘጠኝ ሜትር ርቆ።

ሎደሩ እንደ ደነገጠ ፈረስ ሁለት እግሩ ላይ ቆመ። የፊት መስታወቱ በሙሉ ወደ ውስጥ ገባ። እኔ ከማሽኔ ዘልዬ ስሮጥ ድንጋይ ገና ከሰማይ ይወርዳል፤ አንዱ ትከሻዬን መታኝ፣ አልተሰማኝም። የጋቢናውን በር በእጄ ገነጠልኩት። ከአንገቱ በላይ የነበረውን አልናገርም፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እጆቹ ግን ምንም አልሆኑም። መሪውን እንደያዙ ነበሩ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩት እኔ ነኝ።

ከቀበርነው በሦስተኛው ቀን ወደ ካባው ሄድኩ። እናቴም ቅሪ ብላት አልሰማ አለችና ተከትላኝ መጣች። ሐውልት ከመሣሪያ ክፍሉ ስትወጣ አገኘኋት፤ ቀበቶዬን ፈታሁ። የቀረውን ነግሬያችኋለሁ። እናቴ የበሩን ብረት ይዛ «በላት! አጥንቷን ስበርልኝ!» ትላለች። አርባ ሰው ቆሞ ያያል፤ አንድም አልገላገለም። ሚዛኑ ጋ ስትደርስ በጉልበቷ ወደቀች፤ ያኔ እጄ ደክሞኝ ተውኳት። ካቦው ወረቀቱ ላይ «በሥራ ላይ የደረሰ አደጋ» ብሎ የጻፈው ለወንድሜም ለእሷም ነው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ ተመልሳ ሥራ ገባች። ካቦው አላባረራትም፤ ሌላ የሚቆም የለማ! እኔም አላናገርኳትም። ሳያት ደሜ ይፈላል፤ የምራቄን ውፍረት እስክታይ ድረስ እግሯ ሥር እተፋለሁ። እሷ ምራቁን ዞር ብላ ታልፋለች።

ከዚያ ሰው «ሐውልት አብዳለች» ማለት ጀመረ። ሥራ በሌለበት እሁድ እሁድ ካባው አናት ላይ ብቻዋን ቆማ ትውላለች አሉ። አንድ እሁድ ሄድኩ። ለምን ሄድክ ብትሉኝ፣ ብቻዋን ላገኛት ነው። ምን ላደርጋት እንዳሰብኩ ብነግራችሁ ደስ አይላችሁም፤ ከሥሯ አራት ፎቅ የሚያህል ገደል ነበር።

አናቱ ላይ ቀያሾች ከብዙ ዓመት በፊት የተከሉት የኮንክሪት ምሰሶ አለ፤ ትክክለኛ ቁጥሩ በናስ ላይ ተቀርጾበታል። እሷ ምሰሶው አጠገብ ቆማለች። መሣሪያዋን ከራሷ በላይ በዘንግ አስራለች። ከንፈሯ ከፀሐዩ የተነሳ ተሰነጣጥቋል። ድንጋይ አነሳሁና እግሯ ሥር ወረወርኩ። አልተንቀሳቀሰችም። ሁለተኛው ቁርጭምጭሚቷን መታት። አሁንም ወይ ፍንክች። ስጠጋ ዓይኗን ከመሣሪያው ሳታነሳ፣

«አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኛል፤ ከዚያ ትመታኛለህ» አለችኝ።

ቁጭ አልኩ። ለመምታት ተራ ሲጠብቅ የኖረ ሰው በዓለም ላይ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። በአሥራ ሁለት ደቂቃ ውስጥ እጄ በረደብኝ፤ ባይበርድ እመርጥ ነበር።

ስትጨርስ ደብተሯን ከፍታ ፊቴ ዘረጋችው። ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው።

«ይህ ምሰሶ የት እንዳለ ይታወቃል፤ ስለዚህ መሣሪያው ሲዋሽ እይዘዋለሁ» አለች። «ጠዋት ቆሜ መቶ ጻፍኩ። መቶውም ተቃቅፈው ወደ ምሥራቅ አራት ሜትር ስተዋል። ከሰዓት ቆምኩ። መቶው ተቃቅፈው ወደ ደቡብ ሦስት ሜትር። ግድግዳው ሥር ስቆም ደግሞ ዘጠኝም አሥርም ይደርሳል። ግድግዳው ግማሹን ሰማይ ይከልላል፤ የቀረውን ምልክት እያነጠረ ይልክብሃል።»

«እና መቶ ቁጥር ምን ዋጋ አለው?»

«መቶ ሰው ከአንድ ሐሜተኛ የሰማውን ወሬ መጥቶ ቢነግርህ፣ መቶ ምስክር አገኘሁ ትላለህ? ባንድ አቋቋም የተጻፈ መቶ ቁጥር አንድ ቁጥር ነው። ሳተላይቶቹ ቦታ እስኪቀይሩ መሄድ፣ ተመልሶ መምጣት፣ እንደገና መቆም ነው። በነጋታው በዚያው ሰዓት ብትመጣም አይሆንም፤ ሰማዩ ላይ ያሉት እንደ ትናንቱ ተመልሰው ይሰለፋሉ፣ የትናንቱ ስህተት እንዳለ ይመጣልሃል። ሰዓት ማዛነፍ ነው።»

«በወንድሜ ላይ ተማርሽ በይኛ!»

«አዎ» አለች።

ደብተሩን ከእጇ መትቼ ጣልኩት። ገደሉ አፋፍ ላይ ወደቀ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፤ የጎን አጥንቷ ገና አልዳነ ኖሮ ስትጎነበስ አቃሰተች። እኔ ወረድኩ፤ መንገዱን ሁሉ ራሴን እየተሳደብኩ።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ሐሙስ ፍንዳታ ነበረ፤ ከሃያ ስድስቱ አንዱ ተኛ። ያውም ግድግዳው ሥር፣ ወንድሜ ከሞተበት ሠላሳ እርምጃ ብቻ ርቆ። ያፈነዱት ሰዎች ቀዩን ጨርቅ ተክለው ሄዱ፤ የተኛውን የሚያወጣው አፈንጂ የሚመጣው ከሳምንት በኋላ ነው። ማክሰኞ ከጎኑ ሌላ ፍንዳታ አለ፤ ጨርቁ መቀበሩ አይቀርም። ናዳውን የሚያነሳው የእኔ ማሽን ነው። ሎደር የሚነዳ ሰው አጥተው ነበር፤ ወሬው ተሰምቶ ማንም እሺ አላለም።

ሐውልት ካቦው ፊት ቆመችና «ሦስት ቀን እፈልጋለሁ። በቀን ሦስት ጊዜ እቆማለሁ» አለች።

ካቦው ሳቀ። «ሦስት ቀን? አራት ገልባጭ ገትሬ? ሃያ ደቂቃሽን ቁሚና ውረጂ!»

«ሃያ ደቂቃ አልቆምም።»

ካቦው ጂፒኤሱን ከእጇ ነጠቃትና በጥፊ አጮላት። ሄልሜቷ ተንከባለለ። በጥፊ መማታት ለእሱ ሰላምታ እንደማለት ነው፤ ይህን ጊዜ ግን ተሳሳተ። ሄልሜቷን አንስታ በጠርዙ አፍንጫው ላይ አሳረፈችበት። ደሙ ሸሚዙን አለበሰው። በሁለት እጁ አንገቷን ሲያንቃት እኔ ደረስኩ። ለእሷ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ያንን ቦታ የምቆፍረው እኔ ነኝ፤ ሞቴን የምትጽፈው ወይም የምትሰርዘው እሷ ናት። ካቦውን በግንባሬ ጥርሱን አልኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ተንጋለለ።

«ሦስት ቀን ስጣት፣ ካቦ» አልኩት። «አለበለዚያ ማሽኑን ራስህ ንዳው።»

አፉን በመሐረብ ይዞ ሰጣት።

ሦስቱን ቀን አየኋት። ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ፤ በማግስቱ ደግሞ ሰዓቱን እያዛነፈች፣ ሌላ ጠዋት፣ ሌላ ቀትር። መሣሪያውን በዘንግ ከራሷ በላይ አድርጋ፣ የተኛውን በሁለት እግሯ መሀል አድርጋ። በሁለተኛው ቀን ቀትር ላይ ከግድግዳው ድንጋይ ተላቀቀ። ጮህኩ። አንዱ ድንጋይ ሄልሜቷን ሰንጥቆ ግንባሯን ቀደደው፤ ደም ደህናው ዓይኗ ውስጥ ገባ። አልወረደችም። በእጅጌዋ ጠረገችና ቀጣዩን ቁጥር ጻፈች። የደብተሩ ገጽ ላይ የጣቷ ደም አለ፤ አይቼዋለሁ። አብረውኝ ከቆሙት ሹፌሮች አንዱ «ይቺ ሰው አይደለችም» አለ። ሰው ናት። እግሯ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቅርብ ያልሆነ ሰው አያየውም እንጂ።

ዘጠኝ አቋቋም ሆነ። አንዱን ሙሉ በሙሉ ሰረዘችው፤ መሣሪያው ያኔ አራት ሳተላይት ብቻ ነበር ያየው፣ ግድግዳው ሌላውን ጋርዶበት። የስምንቱን አማካይ አወጣች። ማክሰኞ ፍንዳታው ተካሄደ፤ ቀዩ ጨርቅ ከሁለት ሜትር ፍርስራሽ ሥር ገባ። ረቡዕ ጠዋት በቁጥሯ ክብ ተሰመረ።

ካቦው ያበጠ ከንፈሩን ይዞ ስልኩን አወጣ። ለካ እሱም ሐሙስ ዕለት ጨርቁ አጠገብ ሄዶ ቦታውን በስልኩ አንዴ ጠቅ አድርጎ ይዟል። የስልኩ ቁጥር ከሷ ስምንት ሜትር ወደ ምዕራብ ነው፤ ከኖራው ውጭ፣ እኔ በማሽን በምቆፍርበት በኩል።

«የኔ ትክክል ከሆነ ያው እንደ ወንድምህ ትሆናለህ» አለኝ። ለማስፈራራት ነው ያለው፤ ግን ውሸቱን አልነበረም።

ጋቢና ገባሁ። ሞተሩን አስነሳሁ። ማንሻውን ይዤ ጭልፋውን ሳላወርድ ቆየሁ። ወንድሜንም ያስቀበረችው በቁጥር ነው፣ እላለሁ ለራሴ፤ ያኔም እርግጠኛ ነበረች። ላብ ዓይኔ ውስጥ ይገባል። የካቦው ስልክ ትክክል ከሆነ የመጀመሪያው ጭልፋ የመጨረሻዬ ነው። ሐውልት ፊቴን አየችው መሰለኝ። ኖራውን ተሻገረችና የስልኩ ቁጥር ያለበት ቦታ ላይ ሄዳ ቆመች፤ የማሽኔ ጥርስ ከሚያርፍበት ሁለት እርምጃ ርቃ።

«ቆፍር!» አለችኝ።

ቆፈርኩ። እያንዳንዱ ጭልፋ ሲገባ ጥርሴን እነክሳለሁ፤ ሲወጣ እተነፍሳለሁ። እሷ እርምጃ በእርምጃ ቦታ ስትለቅልኝ፣ እስከ ነባሩ ድንጋይ ድረስ ጠረግኩት። ምንም አልነበረም። ከዚያ ዞሬ ከክቡ ውጭ ያለውን ሁሉ አነሳሁና ወረድኩ። ክቡ ውስጥ ያለውን እኔና ሁለት ሰዎች በእጅ ገባንበት፤ ሌላው ሰው ሁሉ ርቆ ሄደ። ድንጋይ በድንጋይ፣ በጥፍራችን። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጣቴ ሽቦ ነካ። እጄን ሰበሰብኩ። አፈንጂው ተጠርቶ መጣ፤ አፍታትቶ አወጣው፤ የደረቀ፣ ግራጫ፣ ክንድ የሚያህል ነገር ነበር።

ሐውልት ሜትር ዘርግታ በቁጥሯ ክቡ መሀል ከተተከለው ችንካር እስከ ጉድጓዱ ለካች።

«ሰባ ሳንቲም» አለች።

ሰባ ሳንቲም! የአንድ እርምጃ ያህል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ በሕይወት አለሁ፣ እጄ ክንዴ ላይ ነው፣ ራሴ አንገቴ ላይ ነው። ግን ከሆዴ የተነሳው ደስታ አልነበረም። ታዲያ ይቻል ነበር ማለት ነው! ሰባ ሳንቲም ከተቻለ ዘጠኝ ሜትር ለምን? ኮሌታዋን በሁለት እጄ ጨብጬ ከግድግዳው ጋር አጋጨኋት፤ ግንባሯ ላይ ያለው ቁስል ተከፍቶ ደማ።

«ያን ቅዳሜስ?» ብዬ ጮህኩ። «ያን ቅዳሜ ለምን እንዲህ አልቆምሽም? ለምን በሃያ ደቂቃ ወረድሽ?»

አንድ ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተከለች።

«እኔ አልወረድኩም» አለች።

እጄ ኮሌታዋ ላይ እንዳለ ቀረ።

አሁን ያልነገርኳችሁን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ሥራችን ግማሽ ቀን ነው። ያን ቅዳሜ ሦስት ገልባጭ ተሰልፎ፣ እኔ ማሽኔ ላይ ተቀምጬ፣ እሷ እስክትጨርስ ሁላችንም በፀሐይ እንቃጠላለን። ክላክስ ያደረገው ሁሉም ነው፤ ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይህንን ነው። ከማሽኑ የወረድኩት ግን እኔ ብቻ ነኝ። ፍርስራሹን ወጥቼ አጠገቧ ደረስኩ። መቶውን ጽፋ ጨርሳለች፤ ግን አሁንም ትጽፋለች። «ቆይ፣ ቁጥሩ መሄድ ጀምሯል፤ የሆነ ነገር አለ፤ ትንሽ ታገሰኝ» አለችኝ። «መቶ ምን አንሶሽ ነው!» ብዬ ክንዷን ይዤ ጎተትኳት። ተንሸራታ በጉልበቷ ወረደች፤ ደብተሯ ተዘጋ። ሹፌሮቹ አጨበጨቡልኝ። ወንድሜ ከሎደሩ ላይ ሆኖ በፉጨት አጀበኝ።

ሁለት ዓመት ይህን ነገር ድንጋይ ጭኜበት ኖሬያለሁ። ቀበቶዬን የፈታሁትም እንዳይነሳብኝ ነው።

«ስደበድብሽ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። «ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ለምን?»

«እናትህ ቆመው ነበር» አለች። «አንዱን ቀብረው መምጣታቸው ነው። ሁለተኛውን እኔ ልውሰድባቸው?»

ኮሌታዋን ለቀቅኩት። ሰዎቹ እየመጡ ስለነበር ደሟን በእጅጌዋ ጠራረገችና ሜትሯን መጠቅለል ጀመረች።

እሁድ ጠዋት ለእናቴ ነገርኳት። ግቢ ውስጥ ልብስ ታጥባለች፤ አጠገቧ በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ ምንም ሳላስቀር፣ ክላክሱንም፣ ክንዷን መጎተቴንም፣ ጭብጨባውንም ነገርኳት። እጇ ውሃው ውስጥ ቆመ። ከዚያ የያዘችውን እርጥብ ሱሪ አንስታ ፊቴን ገረፈችኝ። ደጋገመችው፤ ቁልፉ ከንፈሬን ቀደደው። ሱሪው ከእጇ ሲወድቅ በጡጫ ቀጠለች፤ ሰባ ዓመት ያለፋት ሴት ናት፣ እጇ ግን ልብስ ሲያጥብ የኖረ እጅ ነው። ስሙን እየጠራች ነው የምትመታኝ፤ የሱን እንጂ የኔን አይደለም። ጎረቤቶች በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ኧረ በሕግ! ገደሉት እኮ!» ይላሉ። እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

ሲደክማት እጇን ታጠበች፣ ፀጉሯን ሸፈነች፣ ጫማዋን አደረገች። «ቤቷን አሳየኝ» አለች።

መንገዱን ሁሉ ከፊት ከፊት ሄደች፤ የት እንደሆነ ሳታውቅ። ሐውልት የምትኖረው ከካባው በታች ባለች አንዲት ክፍል ቤት ነው። በሩን እናቴ አንኳኳች። ሐውልት ከፈተችና ማን እንደሆነ ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ግንባሯ በፋሻ ታስሯል። እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በየቀኑ ስትረግማት የኖረችውን ሴት ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ልትይዝ ስትል ሐውልት ቀድማ አቅፋ አነሳቻት፤ እንደተቃቀፉ ወደ ውስጥ ገቡ።

እኔም ልከተል ስል እናቴ ዞር አለች።

«አንተ እዚያው ቁም» አለችኝና በሩን ዘጋችብኝ።